ስለ ቺካጎ ቡልስ ተጫዋቾች የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

23 ቁጥር ያለባትን ቀይ ማሊያ የማያውቅ የለም። ቅርጫት ኳስ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ «የማይክል ጆርዳን ናት» ይላል። ጨዋታችን ግን እዚያው ላይ ያልቃል። የጆርዳንን ቡድን ቺካጎ ቡልስን ስለምወደው የሌሎቹ ተጫዋቾች ድካም ሲረሳ ያሳዝነኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ስድስቱን ዋንጫ የወሰደው ያው አንድ ቡድን ነው»

አይደለም። ቡልስ ከ1991 እስከ 1993 ሦስት፣ ከ1996 እስከ 1998 ደግሞ ሌላ ሦስት ዋንጫ አነሳ። በስድስቱም የነበሩት ተጫዋቾች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጆርዳንና ስኮቲ ፒፐን። በመጀመሪያው ዙር እነ ሆራስ ግራንት፣ ቢል ካርትራይትና ጆን ፓክሰን ነበሩ። በሁለተኛው እነ ዴኒስ ሮድማን፣ ቶኒ ኩኮች፣ ሮን ሃርፐርና ስቲቭ ከር መጡ። አሰልጣኙ ፊል ጃክሰን ግን ያው ነው።

«ፒፐንን የመረጠው ቡልስ ነው»

በ1987ቱ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) አምስተኛ አድርጎ የመረጠው ሲያትል ነው። ቡልስ ስምንተኛ ላይ የመረጠውን ኦልደን ፖሊኒስን ሰጥቶ ፒፐንን ያዘ። ሮድማንም ቢሆን በ1995 ከሳን አንቶኒዮ የመጣው በዊል ፐርዱ ተለውጦ ነው። ጆርዳን ራሱ በ1984 ሦስተኛ ነው የተመረጠው፤ ሂዩስተን ሃኪም ኦላጁዋንን፣ ፖርትላንድ ደግሞ ሳም ቦዊን ካስቀደሙ በኋላ።

«ጆርዳን ከ23 ሌላ ለብሶ አያውቅም»

ጨዋታ አቁሞ ቆይቶ በ1995 ሲመለስ 45 ለብሷል። የካቲት 1990 ኦርላንዶ ላይ ደግሞ ማሊያው ተሰርቆበት፣ ስም የሌለባትን 12 ቁጥር አጥልቆ 49 ነጥብ አስቆጠረ።

«ጆርዳን ሲሄድ ቡድኑ ወደቀ»

ከመሄዱ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ቡልስ ከ82 ጨዋታ 57 አሸንፏል። እሱ በሌለበት በ1993–94 ደግሞ 55። ልዩነቱ ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው! ቡድኑን ተሸክሞ የሄደው ፒፐን ነበር። ያኔ በኒውዮርክ ኒክስ የተሸነፉትም እስከ ሰባት ጨዋታ በሚደርሰው ፍልሚያ በመጨረሻው፣ በሰባተኛው ጨዋታ ነው።

«ወሳኟን ኳስ ሁሌም የሚያስገባው ጆርዳን ነው»

የ1998ቷ የፍጻሜ ኳስ የሱ ናት፤ ማንም አይክድም። የ1993ቷ ግን የፓክሰን ናት። ስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ፊኒክስ ላይ። ፊኒክስ 98 ለ 96 ይመራል። በአራተኛው ሩብ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የቡልስን ነጥብ ሁሉ ያስቆጠረው ጆርዳን ነው። ያን ጊዜ ግን ኳሷ ከጆርዳን ወደ ፒፐን፣ ከፒፐን ወደ ግራንት ሄደች። ግራንት ቅርጫቱ ሥር ነበር። አልወረወረም፤ ማንም ያልያዘው ፓክሰን ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሟል፣ ለእሱ ሰጠው። 99 ለ 98። አራት ሰከንድ እንኳ አልቀረም ነበር። በመጨረሻም የፊኒክሱን ኬቨን ጆንሰን ውርወራ በእጁ ያገደው ይኸው ግራንት ነው።

በ1997ቱ ፍጻሜ ደግሞ ተረኛው ከር ሆነ። ዩታ ጋር 86 እኩል ናቸው። ታይም አውት ላይ (ጨዋታው ለአፍታ ቆሞ) ጆርዳን ወደ ከር ዞር ብሎ፣ የዩታው ጆን ስቶክተን ጥሎህ ወደ እኔ ይመጣልና ተዘጋጅ አለው። ከርም ዝግጁ ነኝ አለ። እንዳለውም ስቶክተን ወደ ጆርዳን ሮጠ። ጆርዳን አቀበለ፣ ከር ወረወረ፣ ገባች። 88 ለ 86።