ለአንድ ኮከብ ስንት ሰው ይሰጣል? በቅርጫት ኳስ ልውውጥ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እሁድ ጠዋት 4 ኪሎ አካባቢ አንዲት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስ እንጫወታለን። ሲያልቅ ላባችን ሳይደርቅ ማኪያቶ እናዝና ክርክሩ ይጀመራል። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ፍጻሜ ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ጨዋታ ያየ ሰው በዓይኑ መቅላት ይታወቃል። ክርክሩ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። ቡድን አንድ ኮከብ ለማምጣት ያለውን ሁሉ ቢሰጥ ያዋጣዋል ወይስ አያዋጣውም?

ስለዚህ ነገር ብዙ የተሳሳተ ወሬ እሰማለሁ። ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

"እንደ እግር ኳስ ነው፤ ብር ያለው ይገዛል"

አብዛኞቻችን ያደግነው በፕሪሚየር ሊግ ነው። ዝውውር ሲባል የሚታየን ክለብ ለክለብ ብር ሲከፍል ነው። ኤንቢኤ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። ተጫዋች የሚለወጠው በዋናነት በተጫዋች እና በወደፊት የድራፍት ምርጫ ነው። ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ውጤቱ የከፋ ቡድን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋል። በዚያ ላይ የደመወዝ ሕግ አለ። ትልቅ ደመወዝ ያለው ኮከብ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ደመወዝ ይዘው የሚሄዱ ሁለት ሦስት ሰዎች መኖር አለባቸው።

ምርጫ አሳልፎ መስጠትን እቁብ የጣለ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ ይሄዳል። ብሩ ካለቀ በኋላም እቁቡ እስኪያልቅ ድረስ መጣል አለበት። ኮከብ ያመጣ ቡድንም እንደዚያው ነው። ኮከቡ አርጅቶ ወይም ሄዶ፣ ቡድኑ ገና ምርጫ ይከፍላል።

ሊጉ ራሱ ይህን አደጋ አይቶ ሕግ አውጥቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ባለቤት የነበረው ቴድ ስቴፒየን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን እያከታተለ አሳልፎ ሰጠና ቡድኑን ባዶ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቡድን በሁለት ተከታታይ የወደፊት ዓመታት ያለ መጀመሪያ ዙር ምርጫ የሚያስቀረውን ልውውጥ ማድረግ አይችልም። ፊኒክስ የሚባለው ቡድን በ2023 ለኮከቡ ኬቪን ዱራንት የሰጠው የ2023፣ የ2025፣ የ2027 እና የ2029 ምርጫ የሆነው ለዚህ ነው። አንድ ዓመት እየዘለለ።

"ኮከብ ከደረደርክ ሌላው ራሱ ይሞላል"

ይሄኛውን በራሳችን ሜዳ አይቼዋለሁ። ከካዛንቺስ የሚመጡ ልጆች አሉ። አንዱ ከሦስት ነጥብ መስመር ሲወረውር ኳሷ ከመረቡ ሌላ ምንም አትነካም። አንድ እሁድ "እሱን ስጡን" ብለን ለመንናቸው። "ሁለት ስጡን" አሉ። ሰጠን። አንደኛው ረጅሙ ልጃችን ነበር። ነጥብ ብዙም አያስቆጥርም። ቀለበቱ ሥር ክርኑን ዘርግቶ ይቆምና የሳተችውን ኳስ ሁሉ ይለቅማል። ሌላኛው ኳስ አሻጋሪያችን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሠርግ ነበሩ። ከዚያ ሁለት ሰው ኮከባችንን ያዘው። ነጻ ሲሆን እንኳ በሰዓቱ ኳስ የሚያደርስለት ጠፋ። የሳትነው ኳስ ሁሉ እኛው በሰጠናቸው ልጅ እጅ ገባ። 21 ለ 12 ተሸነፍን። ከ12ቱ 9ኙን ያስቆጠረው ያ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ በፍጹም የእሱ አልነበረም።

ፊኒክስ ላይ የደረሰውም ከዚህ አይርቅም። ለዱራንት ከአራቱ ምርጫዎች በተጨማሪ ሚካል ብሪጅስን እና ካም ጆንሰንን ሰጡ። ብሪጅስ የተቃራኒውን ዋና አስቆጣሪ የሚይዝ፣ አንድም ጨዋታ የማያመልጠው ተጫዋች ነበር። በዚያው ዓመት ብራድሊ ቢልን ጨመሩበት። ከዴቪን ቡከር ጋር ሦስት ታላላቅ አስቆጣሪዎች ማለት ነው። በ2024 በፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ወቅት በኋላ ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ 4 ለ 0 ተጠረጉ። በ2025 ፕሌይኦፍ እንኳ አልገቡም፤ 36 አሸንፈው 46 ተሸነፉ። በዚያው ክረምት ዱራንት ወደ ሂውስተን ተሰጠ። የደመወዝ ወጪያቸው ሊጉ ካስቀመጠው የመጨረሻው የወጪ እርከን በላይ ስለነበር የሁለት ተጫዋች ደመወዝ ደምረው አንድ ሰው ማምጣት እንኳ በሕግ ተከልክለው ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍኑበት መንገድም ተዘጋባቸው ማለት ነው።

"የወደፊት ምርጫ ላም አለኝ በሰማይ ነው"

አንድ ጓደኛችን ይህን ተረት ሳይጠቅስ አይውልም። "የ2029 ምርጫ ምን ያደርግልሃል? ዛሬ ዱራንት አለህ!" ይላል።

ብሩክሊንን ልንገረው። በ2013 ከቦስተን ኬቪን ጋርኔትን እና ፖል ፒርስን አመጣ። ጋርኔት 37 ዓመቱ ነበር፣ ፒርስ 35። ብሩክሊን የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ሰጠ። በ2017 ደግሞ ቦስተን ከፈለገ የራሱን ምርጫ በብሩክሊን ምርጫ የመቀየር መብት አገኘ። ብሩክሊን በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛው ዙር ላይ በማያሚ ተሸነፈ። ፒርስ ከዚያ በኋላ ሄደ። ጋርኔትም ብዙ አልቆየም። ቡድኑ ሲወድቅ የመውደቁ ጥቅም የቦስተን ሆነ። በ2016 3ኛው ምርጫ ጄይለን ብራውን ሆነ። በ2017 ብሩክሊን የሊጉ መጨረሻ ሆኖ ያገኘው 1ኛ ምርጫ ለቦስተን ሄደ። ቦስተን ያንን ምርጫ ለውጦ ወደ 3ኛ ዝቅ ብሎ ጄይሰን ቴተምን ወሰደ። እነዚህ ሁለት ልጆች በ2024 ዋንጫ አነሱ። ላሟ ከሰማይ ወርዳ ታለበች፤ የታለበችው ግን በሌላ ሰው ደጅ ነው።

"እንግዲያው ለኮከብ ብዙ መስጠት ሁሌም ሞኝነት ነው"

ይሄም ስህተት ነው። እንዲያውም ብሩክሊንን የሚጠቅሱ ሰዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው።

ቶሮንቶ በ2018 59 ጨዋታ ያሸነፈ፣ የቆመ ቡድን ነበር። የሕዝቡን ልጅ ዴማር ዴሮዛንን ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድን አመጣ። በ2019 ዋንጫ ወሰደ። ካዋይ በዚያው ክረምት ወደ ክሊፐርስ ሄደ። "ታዲያ ከስረዋል" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል። የክለቡ ብቸኛ ዋንጫ እኮ ነው! ሌከርስም በ2019 ለአንቶኒ ዴቪስ ሦስት ወጣቶችና ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ሰጠ፤ በ2020 ዋንጫ አነሳ። ከተሰጡት አንዱ ብራንደን ኢንግራም በሄደበት ዓመት ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ፣ ተመረጠ። ሌከርስ የሚቆጭበት ምክንያት የለም።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ሚልዋኪ ነው። ያኒስ አንቴቶኩምፖ ነበራቸው፤ በመደበኛው ወቅት ሁለት ዓመት በተከታታይ ከሊጉ አንደኛ ነበሩ። ፕሌይኦፍ ላይ ግን ይወድቁ ነበር። በ2020 ለጁሩ ሆሊደይ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች፣ ሁለት የመቀያየር መብት እና ተጫዋቾች ሰጡ። እኛ ጠረጴዛ ላይ "ይሄ ሁሉ ለእሱ?" ተብሎ ነበር። በ2021 ፍጻሜ 5ኛው ጨዋታ ላይ፣ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ ሚልዋኪ በአንድ ነጥብ ይመራል። የፊኒክሱ ቡከር ኳሱን ይዞ ገባ። ሆሊደይ ከእጁ መነጨቀውና ሮጠ። ቆሞ ሰዓት መፍጀት ይችል ነበር። ወደ ላይ ወረወራት፤ ያኒስ አየር ላይ ተቀብሎ ደፈቃት። ዋንጫው የተወሰደው በሚቀጥለው ጨዋታ ቢሆንም እኔ የማስታውሰው ያችን ነጠቃ ነው።

በ2023 ያው ሚልዋኪ ያንን ሆሊደይን ሰጥቶ ስሙ ከእሱ የሚገዝፈውን፣ 33 ዓመቱን የያዘውን ዴሚየን ሊላርድን አመጣ። ሊላርድ ድንቅ ተጫዋች ነው። የተቃራኒውን ኳስ አሻጋሪ የሚይዝ ሰው ግን ቤታቸው ውስጥ ጠፋ። በ2024ም በ2025ም በመጀመሪያው ዙር በኢንዲያና ተሸነፉ። ሊላርድ መጎዳቱም አለበት፣ እውነት ነው። ሆሊደይ ደግሞ በፖርትላንድ በኩል ቦስተን ደርሶ በ2024 ሁለተኛ ዋንጫውን አነሳ። ሁለቱንም ጊዜ ሚልዋኪ ብዙ ሰጥቷል። መጀመሪያ የጎደለውን አመጣ፤ ሁለተኛ ጊዜ የነበረውን አጎደለ።

"ኦክላሆማ በትዕግሥት ብቻ ነው ያሸነፈው"

በ2019 ክሊፐርስ ፖል ጆርጅን ከኦክላሆማ ለማምጣት አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች፣ ሁለት የመቀያየር መብት እና ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር የሚባል ገና አንድ ዓመት የተጫወተ ልጅ ሰጠ። ከምርጫዎቹ አንዱ ጄይለን ዊሊያምስ ሆነ። ጆርጅ በ2024 ያለ ዋንጫ ሄደ። በ2025 ኦክላሆማ ሻምፒዮን ሲሆን ሼይ የዓመቱም የፍጻሜውም ምርጥ ተጫዋች ነበር።

ሰው ይህን ሲያወራ "ቁጭ ብለህ ጠብቅ" ማለት ይመስለዋል። ኦክላሆማ ግን ቁጭ አላለም። በ2024 በድራፍት 6ኛ መርጦ ያሳደገውን ጆሽ ጊዲን ሰጥቶ አሌክስ ካሩሶን አመጣ። ካሩሶን በድራፍት ማንም አልመረጠውም ነበር። ኮከብም አይደለም። በ2025 በፕሌይኦፍ ሁለተኛ ዙር ከዴንቨር ጋር የተደረገው 7ኛው ጨዋታ እንደ ሌሎቹ ሌሊት አልነበረም፤ እሁድ ማታ ስለሆነ ሁላችንም አብረን ነው ያየነው። 1.96 ሜትሩ ካሩሶ 2.11 ሜትሩን የዴንቨር ኮከብ ኒኮላ ዮኪችን ከኋላም ከፊትም እየገፋ፣ ኳስ እንዳትደርሰው እጁን እየዘረጋ አመሸ። በኦክላሆማ አሸናፊነት 125 ለ 93 አለቀ።