የልጁ መንጋጋ ላይ «ዕጢ» ሲባል

ጅማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ «የልጁ መንጋጋ ላይ ዕጢ ተገኘ» ከተባለ ቤቱ ጸጥ ይላል። ሁሉም የሚሰማው «ካንሰር» ነው። ቃሉ ራሱ ያምታታል፤ ምራቅ የሚያመነጨውም ጤነኛ አካል ዕጢ ይባላል።

ካንሰር ያልሆነውን የመንጋጋ በሽታ፣ ኬሩቢዝምን እንይ። ብዙውን ጊዜ በዘር ይተላለፋል። በልጅነት ሁለቱም መንጋጋዎች ያብጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሕመም የለውም። ከጉርምስና በኋላ በአብዛኛው እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሙ «እየተከታተልን እንጠብቅ» ቢል ቸል ማለቱ አይደለም።

በርኪት ሊምፎማ ግን እውነተኛ ካንሰር ነው። በፍጥነት ያብጣል፤ ጥርስም ያነቃንቃል። ዋናው ሕክምና ኬሞቴራፒ እንጂ ቀዶ ሕክምና አይደለም። እዚህ ላይ መጠበቅ አያዋጣም።

ራጅ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ትልልቅ፣ ብዙ ኒውክለስ (የሴል እምብርት) ያላቸው ሴሎች ካሳየ የደም ካልሲየምም ይለካል። የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት የአንገት ዕጢዎች፣ የፓራታይሮይድ፣ ችግር ተመሳሳይ መልክ አለውና።