ቲቶሪያል የማይጠቅመው ለምንድን ነው? ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ልጆቹ እንደሚሉት ቲቶሪያል፣ የተለመደ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወይም ከክፍል በኋላ ይሰጣል። ግን ብዙ ጊዜ ተጠቅሞ የሚወጣው ድሮውንም ደህና የነበረው ተማሪ ነው። ወደ ኋላ የቀረው እንደቀረ ይቀጥላል። ይህ የሚሆነው ነገሩን ከመነሻው በተሳሳተ መንገድ ስለያዝነው ይመስለኛል።

«ትምህርቱ ቢደገምለት ይገባዋል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ 1/2ን ከ1/3 ጋር ደምር ሲባል 2/5 ብሎ ይጽፋል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ነው። ትክክለኛው መልስ 5/6 ነው። የእሱ መልስ ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ላይ ጨምሮበት ከግማሽ በታች መውረዱ ግን አልታየውም። ይህን ልጅ ቅዳሜ ጠርተን ያንኑ የሰባተኛ ክፍል ምዕራፍ ብንደግምለት ምን ያገኛል? ትምህርቱ ያመለጠው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል እያለ ነው። ወረቀት አጥፎ ግማሹንና ሲሶውን በዓይኑ ማየት አለበት። ማባዛቱም እጁ ላይ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የሰባተኛ ክፍሉ ትምህርት ብዙም አይከብደውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ የት ላይ እንደቀረ መለየት ያስፈልጋል። አጭር አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ጥቂት የመደመር፣ የመቀነስ፣ የማባዛትና የማካፈል ጥያቄ ይሥራ። አሥር ደቂቃ እንኳ ብዙ ነገር ያሳያል።

«ሒሳብ አይገባውም»

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ነው። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ሲነግሩት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ልጅ ሞልቷል። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው የንባብ እገዛ ነው። ሒሳብ ቢጨመርበት ያው ነው።

«ማስጠናት የሚችለው ጎበዝ መምህር ብቻ ነው»

የሕንዶቹ ልምድ ሌላ ነገር ያሳያል። በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ፕራታም የተባለ ድርጅት ወደ ኋላ የቀሩ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን ለመርዳት ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ የሰፈር ልጆች ናቸው። የወሰዱት ሥልጠና ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ልጆችን ከክፍል እየለዩ፣ በመደበኛው የትምህርት ሰዓት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ንባብና ሒሳብ ከመሠረቱ ያስተምሯቸው ነበር። ሥራውን ካጠኑት መካከል በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል። የልጆቹ ውጤት ተሻሻለ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም በጣም ደካማ የነበሩት ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ድጋፉ ከቆመ ከዓመት በኋላ ከተገኘው ለውጥ ብዙው ሳስቷል። አንድ ሴሚስተር ረድቶ መተው አይበቃም ማለት ነው።

«ቲቶሪያል የሰነፎች ነው»

ይህን ስም የሚያወጡት ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ እኛ አዋቂዎችም እንለዋለን። ልጁ ከቲቶሪያሉ የሚቀረው አፍሮ ነው። ጠዋት ቤተሰቡን በቤት ውስጥ ሥራ ስለሚያግዝ፣ ወይም ታናናሾቹን ስለሚጠብቅ የሚቀርም አለ። ድጋፉ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ የሚበጀው ለዚህ ጭምር ነው።

«12ኛ ክፍል ሲደርስ በደንብ ይጠናከራል»

በ2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻል ነው፤ አሁንም ግን አብዛኛው ወድቋል። የስምንተኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ቲቶሪያሉም መምህሩም ወደዚያው ይሰበሰባል። አጥርቶ ማንበብ ያቃተው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ አቅም አንድ አስጠኚ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ብሆን የምመድበው እዚያ ነው።