የዋሽንግተን ናሽናልስ፦ ቡድንን አፍርሶ መገንባት ወይስ ለዋንጫ መታገል

ዋሽንግተን ናሽናልስ መቀመጫውን በአሜሪካ ዋና ከተማ ያደረገ፣ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ውስጥ በናሽናል ሊግ ምሥራቃዊ ምድብ የሚወዳደር ክለብ ነው። ሜዳው ናሽናልስ ፓርክ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ይገኛል፤ ለረጅም ዓመታት የሐበሻ ምግብ ቤቶች መናኸሪያ ሆኖ ከቆየው ከዩ ስትሪት ተነሥቶ በሜትሮው አረንጓዴ መስመር ባቡር ሳይቀይሩ ይደረስበታል። ክለቡ በውጭ ከሚኖሩ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ትላልቆቹ ከሚባሉት አንዱ በሚገኝበት አካባቢ የሚጫወት ቢሆንም በአማርኛ የተጻፈለት ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ የክለቡን ታሪክ የሚመለከተው በአንድ ጥያቄ በኩል ነው፤ እሱም የሚሸነፍ ቡድን ውድ ተጫዋቾቹን ሸጦ ከመሠረቱ መገንባት ይሻለዋል ወይስ ያለውን ይዞ ለዋንጫ መታገል የሚለው ነው። ናሽናልስ ሁለቱንም መንገዶች ስለሄደባቸው ጥያቄውን ለመመርመር ከእሱ የተሻለ ክለብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄው ከየት ይመጣል

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ሆነ በአውሮፓ እግር ኳስ ከግርጌ ያጠናቀቀ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ግን ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር የለም፤ 30ዎቹ ክለቦች ምንም ያህል ቢሸነፉ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ናቸው። እንዲያውም ብዙ የተሸነፈ ቡድን በየዓመቱ በሚካሄደው የወጣቶች ምርጫ፣ ማለትም በድራፍቱ፣ ቅድሚያ ያገኛል። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ወጣት ወደ ዋናው ሊግ ካደገ በኋላ በነፃ ዝውውር ወደፈለገበት ለመሄድ ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመታት መጠበቅ ይኖርበታል፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያህል ዓመታት የሚጫወተው ለሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ በቀረበ ክፍያ ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2025 760 ሺህ ዶላር ነበር፤ ታዋቂ ተጫዋቾች ግን በዓመት ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛሉ። ስለዚህ ዘንድሮ እንደማያሸንፍ የተረዳ ክለብ ከዝውውሩ ቀነ ገደብ በፊት ነባሮቹን ለዋንጫ ለሚፎካከሩ ክለቦች አሳልፎ ሰጥቶ በምትካቸው ገና በታችኛዎቹ ሊጎች የሚሠለጥኑ ተስፈኛ ወጣቶችን መቀበል ያዋጣኛል ብሎ ያስባል።

ሊጉ ሆን ተብሎ የሚመጣ ሽንፈትን ለመግታት ከ2023 ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቦታዎች በዕጣ እንዲመደቡ አድርጓል። አሁን በጣም የተሸነፉት ሦስቱ ቡድኖች አንደኛውን ቦታ የማግኘት ዕድላቸው እኩል 16.5 በመቶ ነው። በገቢያቸው ከፍ ያሉት ክለቦች ደግሞ ሁለት ዓመት በተከታታይ በዕጣው ውስጥ መግባት አይችሉም።

ከናሽናልስ በፊት

ዋሽንግተን ከ1901 ጀምሮ ሴኔተርስ የተባለ ቡድን ነበራት፤ በታላቁ ወርዋሪ (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) በዋልተር ጆንሰን ዘመን በ1924 የሊጉን ፍጻሜ ወርልድ ሲሪስን አሸንፏል። ቡድኑ ከ1960 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ በስሙ የተተካውም ሌላ ቡድን ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ 33 የውድድር ዘመናትን ያለ ቡድን አሳልፋለች። በ1969 የተመሠረተው የሞንትሪያል ኤክስፖስ በ2005 ወደ ዋሽንግተን መጥቶ ናሽናልስ የተባለ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የለርነር ቤተሰብ በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

የመጀመሪያው ግንባታ

አዲሱ ስታዲየም በ2008 ሲከፈት በውስጡ የሚጫወተው ቡድን ደካማ ነበር። በዚያ ዓመት 102 ጨዋታዎችን፣ በ2009 ደግሞ 103 ጨዋታዎችን ተሸነፈ። የሽንፈቱ ዋጋ ግን በሁለት ተከታታይ ዓመታት የድራፍቱን አንደኛ ምርጫ ማግኘት ሆነ፤ በ2009 ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ፣ በ2010 ደግሞ ብራይስ ሃርፐር ተመረጡ። ስትራስበርግ በጁን 8 ቀን 2010 ፒትስበርግን በገጠመበት የመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሱን መምታት ሳይችሉ ቀርተው፣ አሰናበተ። ያን ምሽት የተመለከተ ሁሉ ከተማዋ እንደገና እውነተኛ ቡድን እንዳገኘች ገብቶታል።

ስለዚህ ዘመን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ክለቡ ወጣቶቹ እስኪበስሉ እጁን አጣጥፎ አለመቀመጡ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ ቡድኑ ገና የምድቡ የመጨረሻ በነበረበት በዲሴምበር 2010 ጄሰን ወርዝን በሰባት ዓመት ውል በ126 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ። በወቅቱ ክፍያው የተጋነነ ነው ተብሎ በሰፊው ተተችቷል፤ ይሁን እንጂ ለሌሎች ተጫዋቾች ዋሽንግተን ማሸነፍ እንደምትፈልግ ያስተላለፈው መልእክት ከወርዝ የሜዳ ውጤት ያልተናነሰ ጥቅም ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ቡድኑ 98 ጨዋታዎችን አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት አጠናቀቀ።

በዚያው ዓመት ጥያቄው በአንድ ሰው ክንድ ላይ ተነሣ። ስትራስበርግ በ2010 የክርን ቀዶ ጥገና አድርጎ ስለነበር ክለቡ 159 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ በመደበኛው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዙር፣ አለው) ከወረወረ በኋላ በሴፕቴምበር ለቀሪው ጊዜ አሳረፈው። ቡድኑ ያለ እሱ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር ባደረገው የጥሎ ማለፍ ዙር አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ 0 መርቶ፣ በዘጠነኛው ኢኒንግም 7 ለ 5 እየመራ ለድል አንድ አውት፣ ማለትም አንድ ተጋጣሚ ማስወጣት፣ ብቻ ቀርቶት ሳለ 9 ለ 7 ተሸነፈ። እሱ ቢኖር ውጤቱ ይለወጥ ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። በ2014፣ በ2016 እና በ2017ም ናሽናልስ ምድቡን አሸንፎ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ።

2019፦ ያልተሸጠው ቡድን

ሃርፐር ከ2018 በኋላ በ13 ዓመት የ330 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ፊላዴልፊያ ሲሄድ የቡድኑ ዘመን አበቃ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። በሜይ 23 ቀን 2019 በኒው ዮርክ ሜትስ አራት ጨዋታዎችን በተከታታይ ተሸንፎ ሲመለስ ውጤቱ 19 ድልና 31 ሽንፈት ነበር። ቡድኑ በሊጉ በዕድሜ የገፉ ተጫዋቾች የሚበዙበት በመሆኑ ወርዋሪውን ማክስ ሸርዘርንና መቺውን አንቶኒ ሬንዶንን ሸጦ እንደገና መጀመር ይገባዋል የሚለው ሐሳብ በየጋዜጣው ይነበብ ነበር፤ አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝም ይባረራሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ክለቡ ግን አሰልጣኙንም ተጫዋቾቹንም ይዞ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ከተደረጉት 112 ጨዋታዎችም 74ቱን አሸነፈ።

በኦክቶበር 1 በናሽናልስ ፓርክ በተደረገው የአንድ ጨዋታ ጥሎ ማለፍ ሚልዋኪ በስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ 1 ይመራ ነበር። ሁለት አውት ሆኖ ሯጮች ነጥብ ለማግኘት የሚያልፉባቸው ሦስቱም ቤዞች በተያዙበት ሰዓት የ20 ዓመቱ ኹዋን ሶቶ ከጆሽ ሄደር የመጣለትን ኳስ ወደ ቀኝ መታው፤ ኳሱ በቀኝ ተከላካዩ ሥር ሲያልፍ ሦስቱም ሯጮች ገቡና ጨዋታው 4 ለ 3 አለቀ። በተከታዩ ዙር በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ላይ በተደረገው አምስተኛ ጨዋታ ደግሞ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ በአሥረኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዞች ተይዘው ሳለ ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት፣ መታ። ከዚያ በቀጠለው ዙር ካርዲናልስ ያለ አንድ ድል ተሰናበቱ።

በወርልድ ሲሪስ ሂዩስተን አስትሮስን የገጠመው ናሽናልስ አራቱንም ድሎች ያገኘው በሂዩስተን ሜዳ ነው፤ በዚያ ፍጻሜ ከሰባቱ ጨዋታዎች አንዱንም የሜዳው ባለቤት አላሸነፈም፤ ይህም በታሪክ ከዚያ በፊት አልታየም። በኦክቶበር 30 በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ አስትሮስ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ 2 ለ 0 ይመሩ ነበር። በአንገት ሕመም አምስተኛውን ጨዋታ ሳይጫወት የቀረው ሸርዘር ወርውሮ ቡድኑን በጨዋታው ውስጥ አቆየው፤ ከዚያም ሬንዶን ሆም ራን መታ፤ ቀጥሎም የኬንድሪክ ምት የቀኙን ምሰሶ ነክቶ ሆም ራን ሆነ። ጨዋታው 6 ለ 2 ሲያልቅ ዋሽንግተን ከ95 ዓመታት በኋላ ዋንጫውን መልሳ ያዘች። የፍጻሜው ኮከብ በ2012 እንዲያርፍ የተደረገው ስትራስበርግ ነበር።

ይህ ድል በሜይ ወር ሸጦ መገንባትን ይመክሩ ለነበሩ ሁሉ የማያሻማ መልስ ነው። እንዲህ ያለ አጀማመር ያላቸው አብዛኞቹ ቡድኖች ግን ወደ ጥሎ ማለፉም አይደርሱም፤ ስለዚህ ከዚህ አንድ ዓመት ተነሥቶ ሁልጊዜ መታገል ይሻላል የሚል ሕግ ማውጣት አይቻልም።

ሁለተኛው ግንባታ

ከድሉ በኋላ ክለቡ ስትራስበርግን በሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል አስቀርቶ ሬንዶንን ለቀቀ። ስትራስበርግ በጉዳት ምክንያት ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታዎችን ብቻ ጀመረ። በ2021 ቡድኑ በጁን መጨረሻ ድሉ ከሽንፈቱ ይበልጥ ነበር፤ በጁላይ ግን ተንኮታኮተ፤ ከቀነ ገደቡ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናትም ስምንት ነባር ተጫዋቾች ተሸጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ወደ ዶጀርስ የሄዱበት ዝውውር ሲሆን፣ በምትኩ ጆሳያ ግሬይን፣ ኪበርት ሩይዝንና ሌሎች ሁለት ወጣቶችን አስገኝቷል። ግሬይ በ2023 ለኮከቦች ጨዋታ ቢመረጥም በቀጣዩ ዓመት ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

በ2022 ክለቡ ለሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበ፤ ሶቶ አልቀበልም አለ። በኦገስት 2 ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ተላከ፤ በምትኩም ሲ ጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሴል፣ ሃርሊን ሱሳናና ሉክ ቮይት መጡ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 107 ጨዋታዎችን ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻ ሆነ። ሶቶ በኋላ ከሜትስ ጋር የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ስለፈረመ ዋሽንግተን ያንን መክፈል አትችልም ነበር የሚሉ አሉ፤ ቤተሰቡ በ2022 ክለቡን ለመሸጥ ማሰብ መጀመሩ ውሳኔውን አፋጥኖት ሊሆን እንደሚችል የሚናገሩም አሉ። ማርክ ለርነር በ2024 ክለቡ እንደማይሸጥ አስታውቀዋል።

ከዝውውሩ የተገኙት ተጫዋቾች መጥፎ አይደሉም፤ እንዲያውም ጥሩ ናቸው። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ዉድ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያደገ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የደረሰ የሰፈራችን ልጅ ነው። በጁን 29 ቀን 2025 የሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ወርዋሪዎች እንዳይመታቸው ፈርተው በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ወደ አንደኛ ቤዝ ላኩት፤ ይህ ከታዋቂው መቺ ከባሪ ቦንድስ ዘመን ወዲህ አልታየም ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከ200 ጊዜ በላይ በስትራይክ አውት ወጥቷል።

እንዲህም ሆኖ ቡድኑ በ2023 እና በ2024 እኩል 71 ጨዋታዎችን ብቻ አሸነፈ፤ በ2025 ወደ 66 ወረደ። የመጀመሪያው ግንባታ ወርዝን፣ ኋላም በ2015 ሸርዘርን በ210 ሚሊዮን ዶላር በማምጣት ነው የተጠናቀቀው፤ በሁለተኛው ግን ከወጣቶቹ ጎን የሚቆም ትልቅ ፈራሚ አልመጣም። ከከፍተኛ ምርጫ ወጣቶች ውጭ ያሉትን የማብቃት ሥራም ደካማ ነበር። ግንባታ የሚያበቃው ወጣቶቹ ስለበሰሉ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ አሁን ማሸነፍ እፈልጋለሁ ብሎ ገንዘብ ሲያወጣ ነው፤ ናሽናልስ ሁለተኛ ጊዜ የጎደለው ይህ ውሳኔ ነው።

ሌሎች ክለቦች ምን ያሳያሉ

ግንባታን የሚደግፉ ሰዎች ዘወትር የሚጠቅሱት በ2012 101 ጨዋታ ተሸንፎ በ2016 ከ108 ዓመታት በኋላ ዋንጫ ያነሣውን ቺካጎ ካብስን ነው፤ በ2013 111 ጨዋታ ተሸንፎ በ2017 ያሸነፈው አስትሮስም ይጠቀሳል፤ ይህ ድል ግን በኋላ በተረጋገጠው የምልክት ስርቆት፣ ማለትም ለተጋጣሚ ወርዋሪ የሚሰጠውን ምልክት ደንብ ጥሶ በማየት፣ ተበክሏል። በአንጻሩ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ኮከቦቹን ሸጦ በ2021 ምድቡን ቢያሸንፍም በ2024 121 ጨዋታዎችን ተሸንፎ በዘመናዊው ቤዝቦል ያልታየ ውድቀት ላይ ደረሰ። ጎረቤታችን ባልቲሞርም በ2018 115 ጨዋታ ተሸንፎ በ2023 101 ጨዋታ ቢያሸንፍም በ2023ም ሆነ በ2024 በጥሎ ማለፉ አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፈም።

መሸጥን እምቢ ማለትም ዋጋ አለው። ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ በ2023 ሾሄይ ኦታኒን ይዞ ተጨማሪ ተጫዋቾችን ገዛ፤ 89 ጨዋታ ተሸንፎ ኦታኒ በነፃ ዝውውር ሲሄድ ያገኘው ካሳ የድራፍት ምርጫ ብቻ ነው።

ከ2025 ወዲህ

በጁላይ 6 ቀን 2025፣ ድራፍቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሪዞና ማርቲኔዝ ተሰናበቱ፤ ዋንጫውን ያመጡት ሁለቱ ሰዎች በተሻለ ክብር ሊሸኙ ይገባ ነበር። ክለቡ በዕጣ ባገኘው አንደኛ ምርጫ የ17 ዓመቱን ኢላይ ዊሊትስን መረጠ፤ በዓመቱ ማብቂያ ላይም ከቦስተን የመጡትን ፖል ቶቦኒን የቤዝቦል ሥራዎች ፕሬዚዳንት፣ የ33 ዓመቱን ብሌክ ቡቴራን አሰልጣኝ አድርጎ ሾመ። አዲሶቹ ኃላፊዎች የሚጠብቃቸው የመጀመሪያው ስሌት የጊዜ ነው፤ ኤብራምስ ከ2028 የውድድር ዘመን በኋላ በነፃ ዝውውር መሄድ ይችላል፤ ዉድና በ2023 በሁለተኛ ምርጫ የመጣው ዲላን ክሩስ ደግሞ አዲስ ውል ካልፈረሙ እስከ 2030 በክለቡ እጅ ይቆያሉ፤ ዊሊትስ ገና በታችኛዎቹ ሊጎች ነው።