ከውጭ ያዘዝነው ዕቃ ሲበላሽ ገንዘባችን የሚመለሰው በየትኛው ዋስትና ነው?

ጎንደር ፒያሳ ካለ ሱቅ የገዛችሁት ስልክ ጉድለት ቢገኝበት መንገዱ አጭር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲቀይርላችሁ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ደረሰኙን ብቻ አትጣሉ።

ከውጭ በኦንላይን ሲገዛ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ብዙ ሰው «የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» የሚለውን አንብቦ ይረጋጋል። ያ የአምራቹ ዋስትና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይጠግናል ወይም ይቀይራል እንጂ ገንዘብ አይመልስም። ብዙ ጊዜም የሚሠራው ዕቃው በተሸጠበት አገር ነው። ከጎንደር መልሶ መላኪያው ደግሞ አንዳንዴ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

ገንዘብ የሚያስመልሰው የገዢ ጥበቃ የሚባለው ነው። የሚሰጠው መገበያያው ድረ ገጽ ወይም ክፍያውን ያስተላለፈው ድርጅት ነው። ጊዜው ግን የተወሰነ ነው። መገበያያ ድረ ገጹ ኢቤይ ዕቃው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል። ክፍያ አስተላላፊው ፔይፓል ደግሞ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 180 ቀን።

የኛን ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው በዘመድ ሻንጣ እስኪመጣ ሲጠበቅ ቀኑ ያልቃል። አሜሪካ ያለች እህታችሁ ገዝታላችሁ ከሆነ፣ የኢቤይ 30 ቀን የሚቆጠረው ዕቃው እሷ ቤት ከደረሰበት ነው፤ ጎንደር ከገባበት አይደለም። ስለዚህ እዚያው ከፍታ ትሞክርላችሁ። አቤቱታውንም የምታቀርበው እሷ ናት፤ አካውንቱ የሷ ነዋ።

ሻጩ «መጀመሪያ አቤቱታውን ዝጉት፣ ከዚያ ገንዘቡን እልካለሁ» ቢል በፍጹም እሺ አትበሉ። ፔይፓል ላይ አንዴ ከተዘጋ እንደገና አይከፈትም። ብልሽቱን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ከሻጩ ጋርም በድረ ገጹ መልእክት ብቻ ተጻጻፉ።