የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሮቦት ውድድር ቡድን፦ አገባብና አሠራር

ፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከአዋቂ ሙያተኞች ጋር ሆነው ትልቅ ሮቦት ሠርተው የሚጋጠሙበት ዓመታዊ ውድድር ነው። ፈርስት የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ፈልሳፊው ዲን ኬመን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1989 ነበር፤ የመጀመሪያው ግጥሚያ በ1992 በኒው ሃምፕሻየር በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ተካሄደ። ተፎካካሪን እያከበሩና እየረዱ አጥብቆ መፎካከር የሚለውን የውድድሩን ባህል ያሰረጸው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ ነው። ባህሉ የአፍ ብቻ አይደለም፤ ሞተር የተቃጠለበት ቡድን ከጨዋታ በፊት መለዋወጫ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከሚገጥመው ቡድን ነው።

ብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ በአንድነት የቼሳፒክ ዲስትሪክት (የውድድር ክልል) ይባላሉ። እስራኤልም የራሷ ዲስትሪክት አላት።

ቡድኖች አዲስ አባል የሚቀበሉት ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ በሴፕቴምበር አካባቢ ነው። በጃንዋሪ ልግባ ብሎ የሚመጣ ተማሪ በአብዛኛው ዘግይቷል፤ ያኔ የሚያስተምረው ሰው ጊዜ የለውም። አንዳንድ ቡድን የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ትልልቆቹ ግን ማመልከቻ ያስሞላሉ፣ ያነጋግራሉ። በቃለ መጠይቁ የሚፈለገው ፕሮግራሚንግ የሚያውቅ ልጅ ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። ሙያው እዚያው ይለመዳል፤ አስቀድሞ የሚታየው የጀመረውን መጨረሱና በተባለው ሰዓት መገኘቱ ነው። ተማሪው በፈርስት ድረ ገጽ ይመዘገባል፣ ወላጅ የስምምነት ፎርሙን ይፈርማል፣ ከዚያም የማሽን ደህንነት ሥልጠና ይወሰዳል። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የተሸፈነ ጫማና ረጅም ጸጉርን ማሰር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግዴታ ናቸው።

የዓመቱ ጨዋታ በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ቀን ይፋ ይሆናል። ጨዋታው በየዓመቱ ስለሚለወጥ የአምናው ሮቦት ለዘንድሮ አይሆንም። እስከ 2019 ድረስ ሮቦቱ ስድስት ሳምንት ገደማ ከተሠራበት በኋላ በከረጢት ታሽጎ ይቀመጥ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ይህ ስለቀረ ሥራው እስከ መጨረሻው ውድድር ይቀጥላል። በተግባር ይህ ማለት በሳምንት ሦስት ወይም አራት ምሽት እና ሙሉ ቅዳሜ ነው። ከባድ የክፍል ትምህርት የሚወስድ ተማሪ የቤት ሥራውን የሚሠራበትን ሰዓት ከወዲሁ ከወላጆቹ ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል፤ ልጆች በብዛት የሚያቋርጡት በፌብሩዋሪ፣ ውጤታቸው ሲወርድ ነው።

ሥራው ይከፋፈላል። ንድፍ የሚሠሩት በኮምፒውተር ይነድፋሉ፤ የመካኒክ ክፍሉ አልሙኒየም ይቆርጣል፣ ይበሳል፣ ያስራል። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ሽቦ ይዘረጋል፤ ፕሮግራመሮቹ በጃቫ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በፓይተን ይጽፋሉ። ስፖንሰር የሚፈልግና ለዳኞች የሚያቀርብ ክፍልም አለ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሰው ማሳመን የሚችል ተማሪ ለዚህ ቦታ ትልቅ ሀብት ነው።

በ2025 ደንብ ሮቦቱ ያለ ባትሪና ያለ ባምፐር ከ115 ፓውንድ መብለጥ አይችልም። ኃይሉን የሚያገኘው 13 ፓውንድ ገደማ ከሚመዝን ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ዋናው ብሬከር 120 አምፔር ነው። ሮቦቶች ሜዳ ላይ በድንገት የሚቆሙት በአብዛኛው በዚህ በባትሪውና በሽቦው ችግር ነው። አዲስ አባል ባትሪውን በቮልት መለኪያ ለክቶ ከ12 ቮልት በላይ ካሳየው ደህና ነው ይላል። ሥራ ላይ ያልሆነ ባትሪ ግን ደካማም ቢሆን ጥሩ ቁጥር ያሳያል። መለካት ያለበት የውስጥ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) ነው፦ 0.02 ኦም ያለው ባትሪ 100 አምፔር ሲጎተትበት ብቻውን 2 ቮልት ያጣል። አራቱም ጎማ ለየብቻ የሚዞርበት ሮቦት ለመንዳት ብቻ ስምንት ሞተር አለው (በየጎማው አንዱ ለማሽከርከር፣ አንዱ አቅጣጫ ለማዞር)፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሱ ቮልቴጁ ወደ 6 ከተጠጋ ሮቦሪዮ የተባለው መቆጣጠሪያ ራሱን ለማዳን ሞተሮቹን ያጠፋል። ነጂው ፕሮግራሙ ተበላሸ ይላል፤ ጥፋቱ ግን የላላ የባትሪ ብሎን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳዶው በሚገባ ይጠብቃል፣ እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ተጎትቶ ይፈተናል። ባትሪን በሽቦው አንጠልጥሎ መሸከም ክልክል ነው፣ ማያያዣውን ከውስጥ ይነቅለዋልና።

ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት ሞተሮቹን የሚያነጋግረው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እየተቀጠለ ስለሚሄድ አንድ ቦታ ከላላ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሮቦቱን አጥፍቶ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል መለካት ነው፤ 60 ኦም ገደማ ከታየ መስመሩ ዳር እስከ ዳር ተያይዟል፣ 120 ከታየ አንደኛው ጫፍ ተለያይቷል። ሦስተኛው ፍቅፋቂ ነው። ሮቦቱ ላይ እንዳለ አልሙኒየም ሲበሳ የሚረግፈው ብናኝ ኤሌክትሮኒክሱ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል። ከመብሳት በፊት መሸፈን፣ ከበሱ በኋላ በቫኪዩም መምጠጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ውድድሩ ላይ ሦስት ሮቦት ከሦስት ሮቦት ይሰለፋል። አንዱ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሮቦቱ ለጥቂት ሰከንዶች ያለ ሰው በፕሮግራም ብቻ ይሠራል፣ ከዚያ ነጂዎቹ ይረከባሉ። በዲስትሪክት ውድድር እያንዳንዱ ቡድን 12 የማጣሪያ ግጥሚያ ያደርጋል፤ ከዚያ ከላይ ያሉት ቡድኖች አጋሮቻቸውን ይመርጣሉ። ምርጫው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ወርዶ ለሁለተኛው ዙር ከ8ኛ ወደ 1ኛ ይመለሳል። የ1ኛው ቡድን ሁለተኛ ምርጫ የሚደርሰው ብዙ ሮቦት ከተወሰደ በኋላ ስለሆነ፣ ማንም ያላየውን ጠንካራ ሮቦት ማወቅ ግድ ይለዋል። ለዚህ ነው አዳዲስ አባላት መቀመጫ ላይ ሆነው የእያንዳንዱን ሮቦት ሥራ የሚመዘግቡት። አሰልቺ ይመስላል፤ በተሳሳተ ቁጥር የተመረጠ አጋር ግን የመላውን ዓመት ድካም ያስከፍላል።

የውድድር ምዝገባው ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ይህን የሚሸፍኑት ስፖንሰሮችና ትምህርት ቤቱ ናቸው፤ ከቤተሰብ የሚጠየቀው በአብዛኛው የአባልነት መዋጮና የጉዞ ወጪ ነው። ለዓለም ሻምፒዮና ካለፉ በኤፕሪል ወደ ሂዩስተን መሄድ አለ። መዋጮ የሚከብደው ቤተሰብ ለአሠልጣኙ በግል ሊነግረው ይገባል፤ ብዙ ቡድኖች ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጣሉ።

ትምህርት ቤቱ ቡድን ከሌለው ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚቀበሉ የማኅበረሰብ ቡድኖች አሉ። ሌላው መንገድ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ ነው፦ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ፣ በአንድ ቡድን እስከ 15 ተማሪ፣ ሮቦቱም ግጥሚያ ሲጀመር በየጎኑ 18 ኢንች በሆነ ሣጥን ውስጥ የሚገባ። ሜዳው 12 ጫማ በ12 ጫማ ስለሆነ በአንድ ጋራዥ ውስጥ መለማመድ ይቻላል።