ለህትመት የሚሆን የጽሁፍ መጠን አመራረጥ

ዲዛይነርን በብዛት የሚሸውደው ዙም ነው። ስክሪኑን 200 ፐርሰንት አሳድገህ ስትሰራ 6 ፖይንት ጽሁፍ ደህና ትልቅ መስሎ ይታይሃል፣ ታትሞ ሲመጣ ግን ያለ አጉሊ መነጽር አይነበብም።

ፖይንት የሚባለው መለኪያ ኮምፒውተር ሳይኖር በፊት ከብረት ፊደል ዘመን የመጣ ነው፣ ፈረንሳዊው ፒየር ሲሞን ፉርኒየ በ1737 እ.ኤ.አ. የራሱን ሲስተም አወጣ፣ ከሱ በኋላ ዲዶ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ አሻሻለው፣ ዛሬ ሶፍትዌር ላይ የምናየው ደግሞ ኢንች ለ72 ሲካፈል የሚመጣው ነው፣ ማለትም 0.35 ሚሊሜትር አካባቢ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ቁጥሩ የሚነግርህ የፊደሉን ቁመት አይደለም፣ ድሮ ፊደሉ ይቀረጽበት የነበረውን የብረት ቁራጭ ቁመት ነው። ለዛ ነው ጋራሞንድና ቨርዳና የሚባሉት ፎንቶች ሁለቱም 10 ፖይንት ሆነው ቨርዳና በጣም ገዝፎ የሚታየው። የአውሮፓ ህብረት የምግብ ማሸጊያ ህግ ራሱ ፖይንትን ትቶ የላቲኗ ትንሿ ኤክስ (x) ቢያንስ 1.2 ሚሊሜትር ትቁም ነው የሚለው (ለትናንሽ ማሸጊያ 0.9)፣ በኔ እይታ ትክክለኛው አለካክ ይሄ ነው።

በተለምዶ ለመጽሐፍና መጽሔት ከ9 እስከ 12 ፖይንት፣ ለፎቶ መግለጫ ከ7 እስከ 8፣ ለቢዝነስ ካርድ 7 አካባቢ ይሰራል። ከ6 በታች ያለው ጽሁፍ ሰው እንዲያነበው ያልተፈለገ የውል አንቀጽ ነው ብትል አልከራከርህም። እይታቸው ለደከመ አንባቢዎች 16ና 18 ይኬዳል። ፖስተር ላይ ወሳኙ ርቀት ነው፣ ከ3 ሜትር ተመችቶ እንዲነበብ 2.5 ሴንቲሜትር የሚቆም ፊደል ይበቃል ይባላል።

የግዕዝ ፊደል ላይ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ቡ እና ቢን የሚለያቸው የጭረቷ ቦታ ብቻ ነው፣ የቤ ቀለበት ደግሞ መጠኑ ሲያንስና ቀለሙ ወረቀት ላይ ሲሰፋ ይደፈናል፣ ስለዚህ ከላቲኑ በአንድ ወይ ሁለት ፖይንት ከፍ ማድረግ አይጎዳም። በመስመር መሀል ያለው ክፍተትም አብሮ ይታሰብ፣ ከፊደሉ መጠን 120 እስከ 145 ፐርሰንት የተለመደ ነው፣ መስመሩ ሲረዝም ክፍተቱም ይጨምራል።

ጥቁር ላይ ነጭ ጽሁፍ ከሆነ ቀለሙ ወደ ፊደሉ ውስጥ ስለሚገባ ቀጭን ፎንት ይበላል፣ ስለዚህ ወፈር ያለ ምረጥ፣ መጠኑንም ጨምር። ትንንሽ ጽሁፍ ደግሞ በጥቁር ብቻ ቢታተም ነው የሚሻለው፣ በአራቱ የህትመት ቀለም (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ከተሰራ ቀለሞቹ የፀጉር ያህል ሲዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል።

ከሁሉም በፊት ግን በ100 ፐርሰንት (በትክክለኛ መጠኑ)፣ ከተቻለ በዛው በሚታተምበት ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ፕሪንት አድርገህ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ስጠው፣ ያለ መነጽር ያንብብ። ወረቀቱን ወደ ኋላ ማራቅ ከጀመረ መጠኑን ጨምር።